የጉልየልሞ ማርኮኒ ታሪክና የማይስማሙ መሣሪያዎች ነገር



ባለፈው የክረምት ዕረፍት አጎቴ ፈተናዬን በደንብ በማለፌ ተደስቶ ሲገለገልበት የነበረውን ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። እኔም በደስታ ወደ ክፍሌ ይዤው ገብቼ ከስልኬ ጋር ላገናኘው ብሞክር እንቢ አለኝ። ማዳመጫው የአንድ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ ስልኬ ደግሞ የሌላ። የስልኬን ብሉቱዝ ከፍቼ ስፈልግ የጎረቤቶቻችን ቴሌቪዥን ስም እንኳ ሲወጣ የማዳመጫው ስም ግን አልወጣም። ወደ ሱቅ ወስጄ ብጠይቅ፣ ባለሱቁ ስልኩና ማዳመጫው የአንድ ፋብሪካ ካልሆኑ ፈጽሞ እንደማይግባቡ ነገረኝና አዲስ ስልክ እንድገዛ መከረኝ። እናቴ የስልኩን ዋጋ በሰማች ጊዜ ከት ብላ ስቃ ማዳመጫውን ለአጎቴ እንድመልስ አዘዘችኝ።

ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ነገሩን ለፊዚክስ አስተማሪያችን አጫወትኋቸው። እሳቸውም የባለሱቁ አነጋገር ዛሬ ትክክል እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ትክክል የሆነበት ዘመን እንደ ነበረ ገልጸውልኝ፣ የማርኮኒን ታሪክ እንዳነብ አዘዙኝ። ባነበብሁትም ነገር እጅግ ተደነቅሁ፤ በአንዳንዱም አዘንሁ። ስለዚህ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ለመጽሔታችን አንባብያን ማቅረብ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። ማዳመጫዬን እንዴት እንዳስማማሁትም በመጨረሻ እገልጻለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆኑ፣ በአገራችን አቈጣጠር የተጻፉትን ግን ዓ.ም. የሚለው ምልክት ይለያቸዋል።

ጉልየልሞ ማርኮኒ ኤፕሪል 25 ቀን 1874 በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጁሴፔ ማርኮኒ ሰፊ መሬት ያለው ባለጸጋ ኢጣልያዊ ነበረ። እናቱ አኒ ጄምሰን ግን የአየርላንድ ተወላጅ ስትሆን ቤተሰቧ በውስኪ ጠመቃ የታወቀ ነበረ። ልጁ ያደገው ከቦሎኛ አጠገብ ፖንቴክዮ በሚባል ስፍራ በሚገኘው በቤተሰቡ ትልቅ ቤት ውስጥ ነው። የቤቱም ስም ቪላ ግሪፎኔ ይባላል። ከእናቱ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከአባቱ ጋር በኢጣልያንኛ እየተነጋገረ ስላደገ ሁለቱን ቋንቋዎች እኩል ያውቅ ነበር። ይህም ኋላ በእንግሊዝ አገር ለሠራው ሥራ እጅግ ጠቀመው።

ማርኮኒ በመደበኛ ትምህርት ቤት ስሙ ጎልቶ የወጣ ተማሪ አልነበረም። አብዛኛውን ትምህርቱን ያገኘው ቤቱ ድረስ እየመጡ ከሚያስተምሩት መምህራን ነው፤ የዩኒቨርሲቲም ተማሪ ለመሆን አልበቃም። ነገር ግን ለኤሌክትሪክ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ትልቅ ፍቅር ነበረው። በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው አውጉስቶ ሪጊ የቤተሰቡ ጎረቤት ስለ ነበረ፣ የልጁን ትጋት አይቶ ወደ ትምህርቱ ክፍልና ወደ መሣሪያዎቹ እንዲቀርብ ፈቀደለት። ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት የሚገኘው በትልቅ ሕንፃ ውስጥ በመቀመጥ ብቻ ሳይሆን በመፈለግም መሆኑን ነው።

በዚያን ጊዜ ስለ ራዲዮ ሞገድ የሚታወቀው ነገር ገና አዲስ ነበረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል እንዲህ ያለ ሞገድ እንዳለ በ1860ዎቹ በሒሳብ አስቀድሞ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርትስ በ1888 ገደማ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በመፍጠር ሞገዱ በእርግጥ ያለ ሽቦ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እንደሚሄድ በተግባር አረጋገጠ። ኸርትስ በ1894 መጀመሪያ ገና በወጣትነቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ማርኮኒ ስለ ኸርትስ ሥራ የተጻፈ ጽሑፍ አነበበና፣ ሞገዱ ያለ ሽቦ የሚሄድ ከሆነ መልእክት ተሸክሞ ሊሄድ የማይችልበት ምክንያት ምንድን ነው ብሎ ራሱን ጠየቀ። ዕድሜው ሃያ ዓመት ነበረ።

ቤተሰቡ በፊት የሐር ትል ያረባበት የነበረውን የቤቱን ሰገነት የሥራ ክፍል አድርጎ ሌትና ቀን ይደክም ጀመር። መሣሪያዎቹን ብንመለከት ብዙዎቹን ሌሎች ሰዎች አስቀድመው አስበዋቸው ነበር። ሞገዱን የሚያስነሣው የኸርትስ ብልጭታ ነው። ሞገዱን የሚቀበለው ደግሞ የብረት ዱቄት ያለበት ትንሽ የመስተዋት ቱቦ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ብራንሊ ያጠናው፣ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ያሻሻለው ነው። ሞገድ ሲደርስ ዱቄቱ ይያያዝና ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ በትንሽ መዶሻ ነካ ሲያደርጉት እንደገና ይለያያል። የማርኮኒ ትልቅ ሥራ እነዚህን አሰባስቦ በትዕግሥት ማሻሻሉና፣ አንዱን የሽቦ ጫፍ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ ሌላውን ጫፍ ከመሬት ጋር ቢያገናኘው መልእክቱ እጅግ ሩቅ እንደሚሄድ ማግኘቱ ነው። አንድ ሌሊት እናቱን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ ወደ ሰገነቱ ወስዶ፣ ሽቦ ሳይኖር በክፍሉ ማዶ ያለው ደወል ሲደወል እንዳሳያት ይነገራል።

በ1895 መሣሪያውን ወደ ውጭ አወጣው። ወንድሙ አልፎንሶ መቀበያውን ይዞ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ኮረብታ ጀርባ ሄደ። ከዚያ ስፍራ ቤቱ አይታይም፤ ስለዚህ መልእክቱ መድረሱን ለማስታወቅ ጠመንጃ እንዲተኩስ ተስማሙ። ማርኮኒ ሦስት ጊዜ ቁልፉን ነካ፤ ከኮረብታው ማዶም የጠመንጃ ድምፅ ተሰማ። እንግዲህ ሞገዱ ኮረብታ እንደማያግደው በዚያ ቀን ታወቀ።

በ1896 ከእናቱ ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ። የእናቱ ዘመዶች በሎንዶን ስለ ነበሩ ከታላላቅ ሰዎች ጋር አገናኙት። በጁን 2 ቀን 1896 የፈጠራ መብቱን እንዲያስከብርለት ለእንግሊዝ መንግሥት ማመልከቻ አቀረበ። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ዋና መሐንዲስ የነበረው ዊልያም ፕሪስም ወጣቱን ተቀብሎ ብዙ ረዳው። በ1897 የብሪስቶልን የባሕር ወሽመጥ አሻግሮ መልእክት ላከ። በዚያው ዓመት በሃያ ሦስት ዓመት ዕድሜው ኩባንያ ተቋቋመለት። በ1899 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር መልእክቱ ተሻገረ። በ1900 ደግሞ ቍጥሩ 7777 የሆነውን ስመ ጥር የፈጠራ መብት አገኘ። ይኸውም አንዱ ጣቢያ ሲናገር ሌላው እንዳይረብሸው፣ ላኪና ተቀባይ በአንድ የሞገድ ልክ ተቃኝተው እንዲነጋገሩ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ክራር የሚመታ ሰው ክሩን እንደሚቃኝ መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስጠራው ግን የ1901 ሥራው ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ዳርቻ ፖልዱ በሚባል ስፍራ ታላቅ የመላኪያ ጣቢያ አሠራ፤ ዐውሎ ነፋስ ምሰሶዎቹን ጣላቸው። ተስፋ ሳይቈርጥ በሌላ ተካቸው። እርሱም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ወዳለችው ወደ ኒውፋውንድላንድ ሄዶ በሴንት ጆንስ ከተማ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ ተቀመጠ። ብርዱና ነፋሱ ኃይለኛ ነበረ። የመቀበያውን ሽቦ ወደ ሰማይ ያወጣው በነፋስ በሚበር የጨርቅ ወፍ፣ ማለት ካይት በሚባለው ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን 1901 ጆሮውን ማዳመጫው ላይ አድርጎ በሞርስ ፊደል ኤስ የሚባለውን የሦስት ነጥብ ምልክት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት መስማቱን አስታወቀ። ምልክቱ በቀን ብርሃን ያን ያህል መራቁን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አሉ። ነገር ግን በተከታዩ ዓመት በመርከብ ሲጓዝ፣ ከሩቅ የመጣውን መልእክት መሣሪያው በወረቀት ላይ ሲመዘግብ የመርከቡ ሰዎች ተመለከቱ። ሞገዱም ከቀን ይልቅ በሌሊት እጅግ እንደሚርቅ በዚያ ጉዞ አስተዋለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ የትጋት ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ግን የእኔን ማዳመጫ ነገር ያስታወሰኝ ነው።

የማርኮኒ ኩባንያ መሣሪያውን ለመርከቦች አይሸጥም ነበር፤ ያከራያል እንጂ። ከመሣሪያውም ጋር ሠራተኛውን አብሮ ይልካል። በመርከቡ ላይ ሆኖ ቁልፉን የሚመታው ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ከማርኮኒ ኩባንያ ነበር። ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት የእንግሊዝ ሕግ ነው፤ በገንዘብ ቴሌግራም የማስተላለፍ መብት የፖስታ ቤቱ ብቻ ስለ ነበረ፣ ኩባንያው መልእክት በመሸጥ ፋንታ መሣሪያና ሰው በማከራየት ይተዳደር ነበር። ከዚህም ጋር አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው፤ ይኸውም የማርኮኒ ሠራተኛ ከማርኮኒ መሣሪያ ጋር እንጂ ሌላ ፋብሪካ ከሠራው መሣሪያ ጋር እንዳይነጋገር የሚከለክል ነው። የጭንቅ ጥሪ ሲሆን ብቻ ደንቡ ይነሣ ነበር።

ልብ በሉ፤ መሣሪያዎቹ መነጋገር የማይችሉ ሆነው አይደለም። ሁሉም የሚልኩት ያንኑ ሞገድ ነው፤ ፊደሉም ያው የሞርስ ፊደል ነው። የከለከላቸው የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የነጋዴ ደንብ ነበረ። በእርግጥ ለኩባንያው የሚከራከሩ ሰዎች ነበሩ። በባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰው ማርኮኒ ነው፤ ሌላው ምንም ሳያወጣ በእርሱ ጣቢያዎች ቢጠቀም ፍትሕ አይደለም ይሉ ነበር። ይህም ክርክር ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም። ነገር ግን ባሕር ላይ ያለ መንገደኛ የመርከቡ መሣሪያ በየትኛው ፋብሪካ እንደ ተሠራ ምን ያውቃል?

በ1902 ይህ ደንብ ትልቅ ጠብ አስነሣ። የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወንድም ልዑል ሃይንሪክ አሜሪካን ጐብኝቶ ዶይችላንድ በምትባል መርከብ ይመለስ ነበር። መርከቢቱ የያዘችው የጀርመኖችን መሣሪያ ስለ ነበረ፣ የማርኮኒ ጣቢያዎች የልዑሉን መልእክት ለመቀበል እንቢ አሉ። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልምም እጅግ ተቈጣ። በ1903 የጀርመን ኩባንያዎች በተናጠል ይሠሩ የነበረውን ሥራ አንድ አድርገው ቴሌፉንከን የሚባለውን ኩባንያ አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የጀርመን መንግሥት ልዩ ልዩ መንግሥታትን በበርሊን ለጉባኤ ጠራ። በጉባኤው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ሁሉ ይነጋገሩ ሲሉ፣ የማርኮኒን ጥቅም የሚጠብቁት እንግሊዝና ኢጣልያ ወደ ኋላ አሉ።

በ1906 እንደገና በበርሊን ተሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ከ25 የሚበልጡ መንግሥታት ውል ተፈራረሙ። ውሉም የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችና መርከቦች የመሣሪያቸው ሥርዓት ልዩ ልዩ ቢሆንም እርስ በርሳቸው መልእክት እንዲቀባበሉ የሚያስገድድ ነበረ። ኤስ ኦ ኤስ የሚባለውም የጭንቅ ምልክት የዓለም ሁሉ እንዲሆን የተወሰነው በዚሁ ጉባኤ ነው። ውሉ ከ1908 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በኤፕሪል 1912 ታይታኒክ የምትባለው መርከብ በበረዶ ተራራ ተመትታ ስትሰጥም ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከ700 የሚበልጡት ግን በሽቦ አልባው ጥሪ ካርፓቲያ የምትባል መርከብ ደርሳ አዳነቻቸው። ሌላ በቅርብ የነበረች መርከብ ሠራተኛዋ ተኝቶ ስለ ነበረ ጥሪውን አልሰማችም። ከዚህ መከራ በኋላ በዚያው ዓመት በሎንዶን የተሰበሰበው ጉባኤ፣ መርከብ ከመርከብ ጋርም ያለ ፋብሪካ ልዩነት እንዲነጋገር ግዴታ አደረገ። እንግዲህ የተዘጋው በር የተከፈተው በአዲስ መሣሪያ ሳይሆን በስምምነት ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1909 ማርኮኒ የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ሽልማቱን እኩል የተካፈለው ጀርመናዊው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ነበረ። ብራውን የፈጠረው ዘዴ ቴሌፉንከን ይሠራበት ከነበረው አንዱ ነው። መሣሪያዎቻቸው እንዳይነጋገሩ ተከልክለው የነበሩት ሁለት ሰዎች በስቶክሆልም በአንድ መድረክ ላይ ተገናኙ።

ማርኮኒ በ1905 ቢያትሪስ ኦብራየን የምትባል የአየርላንድ መኳንንት ልጅ አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ነገር ግን ሥራና ጉዞ ከቤቱ ስላራቁት ትዳሩ ጸንቶ አልቆየም። በ1912 በመኪና አደጋ አንድ ዓይኑን አጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤሌትራ የምትባል መርከብ ገዝቶ፣ በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ የአጭር ሞገድን ጠባይ ሲመረምር ብዙ ዓመት ኖረ። በ1920 ከኩባንያው ጣቢያ ዘፋኟ ኔሊ ሜልባ ስትዘፍን ድምፅዋ በሩቅ አገር ተሰማ። በ1922 ቢቢሲ የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙት ኩባንያዎች አንዱም የእርሱ ነበረ። በ1931 ደግሞ የቫቲካንን የራዲዮ ጣቢያ ሠርቶ ለአገልግሎት አበቃ።

አሁን ወደ ሕይወቱ መጨረሻ ደርሰናል። ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል።

ማርኮኒ በ1923 የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆነ። ሙሶሊኒም አከበረው፤ በ1929 የመኳንንት ማዕርግ ተሰጠው፣ በ1930 የኢጣልያ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። በኦክቶበር 1935፣ ማለት በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ማርኮኒ ዝም አላለም። ወደ ውጭ አገር እየሄደ ስለ ወረራው ይከራከር ነበር። በሎንዶንም በቢቢሲ ቀርቦ ሐሳቡን ለማሰማት ቢፈልግ ቢቢሲ ከለከለው። የራዲዮን በር ለዓለም የከፈተው ሰው፣ ኩባንያው ካቋቋመው ድርጅት ደጃፍ ተመለሰ።

በዚያው ጊዜ አባቶቻችንና እናቶቻችን በመርዝ ጢስ ይቃጠሉ ነበር። በጁን 30 ቀን 1936፣ ማለት በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የሕዝባቸውን በደል ሲያሰሙ፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን እልቂት ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም፤ በየቤታችን ይታወቃልና። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ በጁላይ 20 ቀን 1937፣ ማለት በሐምሌ 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ማርኮኒ በሮማ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበረ። በቀብሩ ጊዜ በብዙ አገር ያሉ የራዲዮ ጣቢያዎች ለክብሩ ሁለት ደቂቃ ሥራቸውን አቁመው ዝም አሉ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለዚህ ሰው መጻፌን ልተው አስቤ ነበር። አስተማሪያችንን ባማክራቸው ግን፣ የሰውን ሥራ ለማወቅ ሰውየውን ማምለክ እንደማያስፈልግ፣ ጥፋቱን ለመናገርም ሥራውን መካድ እንደማይገባ አስረዱኝ። እኔም ሳስበው በሁለቱ ታሪኮች መካከል አንድ መመሳሰል አገኘሁ። ማርኮኒ በወጣትነቱ ከራሱ መሣሪያ በቀር የሌላው ድምፅ እንዳይሰማ ደንብ አወጣ። በሽምግልናው ደግሞ ከራሱ ወገን በቀር የሌላ ሕዝብ ጩኸት አልሰማ አለ። በዓለም ላይ ሰውን ሁሉ ለማሰማት የሚችል መሣሪያ የሠራ ሰው ራሱ መስማትን ሊያጣ ይችላል። መሣሪያ ጆሮን ይረዳል እንጂ ልብን አይተካም።

ከሞተ በኋላም ታሪክ ድርሻውን በሚዛን ሰፈረችለት። በ1943 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ መቃኛ ዘዴ በአሜሪካ ካገኘው የፈጠራ መብት አንዳንዱን ሰረዘ፤ ሎጅ፣ ቴስላና ስቶን የተባሉ ሰዎች አስቀድመው ሠርተውት ነበርና። እንግዲህ ራዲዮ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ማዳመጫዬ ልመለስ። በ1998 ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይ ቢ ኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ የተባሉ አምስት ተወዳዳሪ ኩባንያዎች ተስማምተው መሣሪያዎቻቸው ያለ ሽቦ የሚነጋገሩበትን አንድ የጋራ ደንብ ማዘጋጀት ጀመሩ። ስሙንም በአሥረኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን አንድ ባደረገው በንጉሥ ሃራልድ ብሉቱዝ ቅጽል ስም ብሉቱዝ አሉት። በርሊን ለመርከቦች ያደረገችውን እነርሱ ለኪስ መሣሪያዎች አደረጉት ማለት ይቻላል። በዚህ ደንብ መሠረት ሙዚቃ የሚያሰማ ማዳመጫ ሁሉ ቢያንስ አንድ የጋራ የድምፅ አላላክ ዘዴ ማወቅ ግዴታው ነው። ስለዚህ የፋብሪካው ስም ቢለያይም ድምፁ መተላለፍ አለበት፤ ባለሱቁ የተሳሳተውም በዚህ ነው።

ታዲያ የእኔ ለምን እንቢ አለ? ማዳመጫና ስልክ መጀመሪያ ሲተዋወቁ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ተለዋውጠው ሁለቱም ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ ማዳመጫው ሳጥኑ በተከፈተ ቍጥር በመጀመሪያ የሚፈልገው የሚያውቀውን ስልክ ነው። አጎቴ የሚኖረው ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ እኔ በክፍሌ ሳጥኑን ስከፍት ማዳመጫው በግድግዳ ማዶ ካለው ከአጎቴ ስልክ ጋር ይገናኝ ነበር። ሱቅ በወሰድሁት ጊዜም አጎቴ ባይኖርም እንኳ፣ ማዳመጫውን አዲስ ስልክ እንዲቀበል አላዘዝሁትም ነበር። ስለዚህ ለአዲስ ስልክ ስሙን አይናገርም።

እንዲህ ያለ ችግር የሚያጋጥማችሁ ተማሪዎችና ወላጆች አዲስ ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተለውን አድርጉ። አንደኛ፣ ማዳመጫውንና ሳጥኑን ቻርጅ አድርጉ፤ ባትሪው የደከመ መሣሪያ በደንብ አይገናኝም። ሁለተኛ፣ የቀድሞውን ስልክ ብሉቱዝ አጥፉ፤ ይልቁንም ከስልኩ ሴቲንግ ገብታችሁ የማዳመጫውን ስም ሰርዙ። ሦስተኛ፣ ማዳመጫዎቹን ወደ ሳጥናቸው መልሳችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ በሳጥኑ ላይ ያለውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ድርግም እስኪል ድረስ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ቁልፉ በማዳመጫው ላይ የሆነም ስላለ አብሮት የመጣውን ወረቀት አንብቡ። አራተኛ፣ በአዲሱ ስልክ ላይ ከዚህ በፊት ተሞክሮ ያልሠራ ስም ተመዝግቦ ከሆነ እርሱንም ሰርዙ፤ ብሉቱዙን አጥፍታችሁ አብሩና እንደገና ፈልጉ። ስሙ ሲወጣ ንኩት። አምስተኛ፣ ይህም ካልሆነ ወረቀቱ እንደሚያዘው ማዳመጫው ትዝታውን ሁሉ እንዲረሳ አድርጋችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ፤ ስልኩንም አጥፍታችሁ አብሩት።

እኔ እስከ አራተኛው ደርሼ ተሳካልኝ። እናቴ በዚያ ጊዜ ወጥ ትሠራ ነበር፤ አንዱን በጆሮዋ ባደርግላት ዜማው ሲሰማ ማማሰያዋን ይዛ ቆመች። ለአጎቴ መልስ ያለችውንም ትእዛዝ ዳግመኛ አላነሣችም።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ተከፈተ ማለት አይደለም። ድምፁ ይተላለፋል፤ ነገር ግን የባትሪውን መጠን በስልኩ ላይ ማየትን፣ የውጭ ጫጫታ መቀነሻውን ማስተካከልንና እነዚህን የመሰሉ አንዳንድ ተጨማሪ ነገሮች ፋብሪካዎች ለራሳቸው ስልክ ብቻ የሚያስቀሩበት ጊዜ አለ። ይህ የማርኮኒ አሮጌ ደንብ ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን መሣሪያው አይችልም ከማለታችን በፊት፣ የማይችል ነው ወይስ የተከለከለ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም ነጋዴ የሚሆን አለ፤ እርሱም የሚሠራውን መሣሪያ ከሌላው ጋር እንዲግባባ አድርጎ ይሥራው።

ውድ አንባብያን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አባቶቻችን የተረቱት በሽቦ ዘመን ሳይሆን በፈትል ዘመን ነው። ሽቦው ቢቀርም ተረቱ አልቀረም። ከማርኮኒ ትጋቱን እንውሰድ፤ ሃያ ዓመት ሲሆነው በሰገነት ላይ የጀመረውን ሥራ ዐውሎ ነፋስ ምሰሶውን ቢጥልበት እንኳ አልተወምና። ጆሮውን የዘጋበትን ነገር ግን አንከተለው። የሌላውን ድምፅ ለመስማት ፈቃደኞች እንሁን፤ መሣሪያችንም ልባችንም ለዚህ ክፍት ይሁን።